የርቀት ትምህርት፣ አመራርና ቴክኖሎጂ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ጠዋት ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ፣ ከስታዲየም እስከ ልደታ ብትጓዙ ሞጁል በብብቱ ይዞ ታክሲ የሚጠብቅ ተማሪ ማየታችሁ አይቀርም። አብዛኛው የቢሮ ሠራተኛ፣ የሱቅ ሠራተኛ፣ ጥበቃ ወይም ልጅ አስተኝታ በሌሊት የምታጠና እናት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከእነዚህ ተማሪዎች፣ ከቱቶሮች (ተማሪውን ከሚረዱና አሳይመንቱን ከሚያርሙ መምህራን)፣ በተለይ ደግሞ የርቀት ትምህርት ማዕከል እንዲመሩ ከተመደቡ ሰዎች ደጋግመው የሚመጡ ናቸው።

የርቀት ትምህርትና የኦንላይን ትምህርት አንድ ናቸው?

አይደሉም። መምህርና ተማሪ በቦታ፣ ብዙ ጊዜም በሰዓት ተለያይተው ሥርዓት ባለው መንገድ የሚካሄድ ትምህርት ሁሉ የርቀት ትምህርት ነው። የታተመ ሞጁል፣ በሬዲዮ የሚተላለፍ ትምህርት፣ በቴሌግራም የሚላክ የድምፅ ቅጂ፣ በዙም የሚሰጥ ቱቶሪያል ሁሉም ይገቡበታል። ኦንላይን ከመንገዶቹ አንዱ ነው። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ዩኒቨርሲቲ በርቀት ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1946 በፖስታ ነበር።

ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ ብዙ ኃላፊዎች «ርቀት ትምህርታችንን እናዘምን» ሲሉ ሞጁሉን ትተው ሁሉን ነገር ወደ ስክሪን ማዛወር ይመስላቸዋል። አዲስ አበባ መሐል እንኳ ሞጁሉን የሚያነበው በስልክ ሳይሆን በወረቀት የሆነ ተማሪ ብዙ ነው። የእሱን ወረቀት ነጥቆ ፒዲኤፍ መስጠት የማተሚያ ወጪውን ወደ ተማሪው ኪስ ማዞር ነው። ተማሪው ያንኑ ፒዲኤፍ ይዞ ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሰለፋል።

ጥሩ ቴክኖሎጂ ካለ አመራር ምን ይጨምራል?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ መልሱም ከገዛ ታሪካችን ይገኛል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ፕላዝማን ያስታውሳል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጁ ትምህርቶች በሳተላይት እየተሰራጩ በየክፍሉ በተሰቀለ ሰፊ ስክሪን ላይ ይታዩ ነበር። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤት ያልነበረውን የኬሚስትሪ ሙከራ ተማሪው በዓይኑ ያያል። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ላቦራቶሪ ለሌለው የገጠር ትምህርት ቤትና ለመሐል ከተማው እኩል ትምህርት ማድረስ።

ችግሩ ከስክሪኑ ወዲህ ነበር። የክፍሉ መምህር የቀረለት ጥቂት የመግቢያና የመዝጊያ ደቂቃ ብቻ ነው። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ ያልፋል፤ ክፍሉ ገባውም አልገባውም። ማቆም፣ መድገም፣ ማዘግየት አይቻልም። መብራት ከጠፋ ያ ክፍለ ጊዜ በዚያው አለፈ። ቋንቋው ለከበደው ተማሪ ምን ይደረግ? መምህሩ አንድ ትምህርት ለክፍሉ እንደማይሆን ሲያይ ለማን ይናገር? የተቋረጠው መቼ ይካካስ? ስለ ስክሪኑ ስፋት ከተጨነቅነው ግማሹን ያህል ለእነዚህ ጥያቄዎች ብንጨነቅ ኖሮ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ሦስቱም የአመራር ጥያቄዎች ናቸው።

የብሪታንያውን ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ጋር አስተያዩት። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን በ1971 ተቀበለ። ዝናው የወጣው በቢቢሲ በሚያስተላልፋቸው ትምህርቶች ነበር። ከበስተጀርባ ግን እያንዳንዱ ተማሪ በስም የሚያውቀው ቱቶር ነበረው፤ የላከው አሳይመንት ታርሞ፣ አስተያየት ተጽፎበት ይመለስለታል። ዩኒቨርሲቲው የቴሌቪዥኑን ትምህርት ከጊዜ በኋላ ቢያቆምም ቱቶሩን አላስቀረም። ቴክኖሎጂው ሲለዋወጥ ምን መቆየት እንዳለበት የወሰነ አመራር ነበረው ማለት ነው።

ወደ ቅርቡ ስንመጣ፣ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሁሉም እጅ ላይ የነበረው መሣሪያ ተመሳሳይ ነበር፦ ቴሌግራም፣ ዙም፣ ኢሜይል። በአንዱ የትምህርት ክፍል የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጽሑፋቸውን እየላኩ እርማት ሲቀበሉ፣ እዚያው ግቢ ባለ ሌላ ክፍል ለወራት አንድ መልእክት ያልደረሳቸው ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው የክፍሉ ኃላፊ ተማሪዎቹን አሰባስቦ ሥራ ማከፋፈሉ ወይም አለማከፋፈሉ ነው።

አመራር ሲባል ፕሬዚዳንቱና ዲኑ ናቸው?

እነሱም አሉበት። በጀት የሚፈቅዱ፣ ፈቃድ የሚያሳድሱ፣ የቱቶር ክፍያ የሚወስኑ እነሱ ናቸው። ተማሪው የሚያውቀው አመራር ግን የማዕከሉ አስተባባሪ ነው። ሞጁል አልደረሰኝም ሲል የሚደውለው ለእሱ ነው፤ ውጤቱ ሲጠፋ የሚቆመው በእሱ በር ላይ ነው። ብዙ ተቋማት ይህን ቦታ እንደ ጸሐፊነት ያዩታል፤ መመዝገብና ወረቀት መቀበል። ከዋናው ግቢ ሳያስፈቅድ የአንድ ተማሪን የአሳይመንት ቀን በሦስት ቀን ማራዘም የማይችል አስተባባሪ ምን ዓይነት ሶፍትዌር ቢሰጠው አይመራም።

ስለዚህ ከፕሬዚዳንቱ ወንበር የሚጠበቀው ትልቁ ነገር ሥልጣን ወደ ታች ማውረድ ነው። አስተባባሪው ብቻውን ምን ሊወስን እንደሚችል በአንድ ገጽ ጽፎ መስጠት፦ ቀን ማራዘም፣ ቱቶር መቀየር፣ ያልደረሰ ሞጁል በአካባቢው ማተም፣ ለተወሰነ ብር ድረስ ወጪ ማውጣት። ይህች አንድ ገጽ ከብዙ ሥልጠና ትበልጣለች።

የትኛውን ቴክኖሎጂ እንምረጥ?

አስቀድሞ ተማሪው እጁ ላይ ያለውን ይወቁ። የምዝገባ ቅጹ ላይ አራት ጥያቄ ይጨምሩ፦ ስልክህ ስማርት ነው? ቤት ዋይፋይ አለ? በወር ለኢንተርኔት ፓኬጅ ስንት ብር ትችላለህ? የምታጠናው ስንት ሰዓት ላይ ነው? የመጨረሻዋ እንደ ቀላል ትታያለች፤ ነገር ግን አብዛኛው ተማሪ የሚያጠናው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ከሆነ ከቀኑ በስምንት ሰዓት የሚጠራ የዙም ቱቶሪያል ለማን ነው?

ቀጥሎ ሒሳቡን ይሥሩ። የአንድ ሰዓት ትምህርት በድምፅ ብቻ፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ጥራት ቢቀረጽ ፋይሉ 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። ለንግግር የሚበቃው 32 ኪሎቢት ቢሆን 14 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል። ያው ሰዓት በዙም በቪዲዮ ከሆነ ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ይበላል፤ ጥራቱ ከፍ ካለ አንድ ጊጋባይትም ያልፋል። አንድ ተማሪ በሴሚስተር 5 ኮርስ ይዞ በእያንዳንዱ 8 ሰዓት ቱቶሪያል ቢኖረው 40 ሰዓት ነው። በ32 ኪሎቢት ድምፅ ከተላከለት ለጠቅላላው ሴሚስተር 600 ሜጋባይት አይሞላም። በቪዲዮ ከ20 ጊጋባይት በላይ ይፈልጋል። ከደመወዙ ላይ ክፍያ እየቆጠበ ለሚማር ሰው ይህ ልዩነት መቀጠልና ማቋረጥ ነው። ቪዲዮ የሚያስፈልገው ማየት ግድ ሲሆን ነው፤ ለሒሳብ አሠራር፣ ለስታቲስቲክስ ሶፍትዌር፣ ለሥዕላዊ ነገር። ስለ ሥራ አመራር ንድፈ ሐሳብ የሚናገር ሰው ፊቱን ማየት የግድ አይደለም።

ቴሌግራም ይሻላል ወይስ ሙድል፣ ኮርስ በኢንተርኔት የሚመራበት ሶፍትዌር? ይህ ክርክር በየስብሰባው ይነሣል። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ነው ያላቸው። ቴሌግራም ሁሉም ሰው ስልክ ላይ አለ፤ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል፤ ተማሪው ስልክ ቢቀይርም የተላከው አይጠፋበትም። ለማስታወቂያ፣ ለጥያቄና መልስ፣ ለድምፅ ቅጂ የሚስተካከለው የለም። አሳይመንት መቀበያ ሲያደርጉት ግን ትርምስ ነው፤ የማን ሥራ መቼ እንደ ገባ፣ ማን ስንት እንዳገኘ መቶ መልእክት ውስጥ ይሰምጣል። ሙድል እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለማንም በነጻ የሚሰጥ ሶፍትዌር ነው፤ አሳይመንቱ የገባበትን ሰዓት ይመዘግባል፣ ውጤት ያስቀምጣል፣ በስልክ መተግበሪያው ትምህርቱን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብም ይቻላል። ነጻ ነው ሲባል ግን ሰርቨሩ፣ የሚከታተለው ባለሙያና የመምህራኑ ሥልጠና ገንዘብ ይፈልጋሉ። ባለሙያው ሲለቅ ሙድሉም አብሮ የሚሞትባቸው ተቋማት አሉ።

የምመክረው፦ ትምህርቱ በታተመ ሞጁል፣ መልስና ማስታወቂያ በቴሌግራም፣ አሳይመንትና ውጤት በሙድል። ከዚህ የሚበልጠው ደንቡ ነው። ይፋዊ ማስታወቂያ የሚወጣው በአንድ ቻናል ብቻ ይሁን። ግሩፕ የሚከፍተው ማን ነው? አድሚኑ ሲለቅ ለማን ያስረክባል? ተማሪ ስንት ሰዓት ውስጥ መልስ ያገኛል? እነዚህ ተጽፈው ካልተሰጡ ይፋዊው ግሩፕ ዝም ባለ በሁለተኛው ሳምንት ጎኑ ላይ ሌላ ግሩፕ ይከፈታል፤ የተሠራ አሳይመንት የሚሸጥበት።

መብራትና ኢንተርኔት ሲቋረጥስ?

ይቋረጣል ብሎ ማቀድ ነው። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ ትምህርታቸውን ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ላይ ያንጠለጠሉ ሁሉ ቆመዋል። ሞጁልና የስልክ ቁጥር ዝርዝር የነበራቸው ግን መንገድ አላጡም።

የአሳይመንት ማስረከቢያን «እሑድ እኩለ ሌሊት» ማለት ትተው ከዓርብ እስከ ሰኞ ያለ መስኮት ይክፈቱ። አስቸኳይ ነገር በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይሂድ፤ ዳታ አይፈልግም፣ ማንኛውም ስልክ ይቀበለዋል። የሴሚስተሩ ድምፅ ቅጂዎች በሙሉ ማዕከሉ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጡ፤ ተማሪው ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ ይዞ መጥቶ ይቅዳ። ይህን «ኋላ ቀር» የሚሉ አሉ። ለተማሪው አንዲት ሳንቲም ዳታ ሳያስወጣ የሚደርስ ትምህርት በእኔ ዓይን እጅግ ዘመናዊ ነው።

ተማሪዎች የሚያቋርጡት ለምንድን ነው?

የሚሰጠው ምክንያት ብዙውን ጊዜ «ሥራ በዛብኝ» ነው። እውነት ነው፤ ሲመዘገብም ግን ሥራ ነበረው። በመካከል ምን ተቀየረ?

የትምህርት ተመራማሪው ማይክል ሙር የርቀት ትምህርት ርቀት በኪሎ ሜትር የሚለካ እንዳልሆነ ካስተማሩ ረጅም ዘመን ሆነ። እሳቸው እንደሚሉት ርቀቱ በተማሪና በመምህር መካከል ያለ የመግባባት ክፍተት ነው፤ የሚሰፋውም የሚጠበውም በሦስት ነገሮች ነው፦ ምን ያህል ይነጋገራሉ፣ ኮርሱ እንዴት ተዋቅሯል፣ ተማሪው ራሱን የመምራት ልምድ ምን ያህል ነው። በዚህ መለኪያ አምስት ኪሎ ተቀምጦ አራት ኪሎ ባለ ማዕከል የሚማር ሰው ከጅማ ሆኖ ከሚማረው ይልቅ ሩቅ ሊሆን ይችላል። እኛ አገር ደግሞ አብዛኛው ተማሪ የመጣው መምህር እየነገረው፣ ሰሌዳ እየገለበጠ ከተማረበት ክፍል ነው። ሞጁል ሰጥተው «በርታ» ቢሉት ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

የሚያቋርጥ ተማሪ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል፤ ዋናው የመጀመሪያው አሳይመንት ነው። በቀኑ ያላስረከበ ተማሪ በዚያው ሳምንት ካልተደወለለት ሁለተኛውንም አያስረክብም፤ ከዚያ ፈተና ይቀራል፤ ከዚያ ስልክ አያነሣም። ጥሪው ወቀሳ አይሁን። «ጤና ይስጥልኝ፣ ከማዕከሉ ነው፤ አሳይመንቱ ስላልደረሰን ችግር ገጥሞት ይሆን ብለን ነው» ማለት ይበቃል። በምላሹ የሚሰማው ያስደንቃል፦ ሞጁሉ የተሳሳተ ኮርስ ነው፣ ግሩፑ ውስጥ አልገባሁም፣ ጥያቄው ምን እንደሚል አልገባኝም፣ እናቴ ታማብኝ አገር ቤት ነኝ። አብዛኛው በአንድ ስልክ የሚፈታ ነው።

መኖሪያም ይለወጣል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ሰው ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል። በእግሩ ቱቶሪያል ይመጣ የነበረ ተማሪ አሁን ሁለትና ሦስት ታክሲ ይቀይራል። የተማሪዎቹን አድራሻ በየሴሚስተሩ የማያድስ ማዕከል ይህን ሳያውቅ «ተማሪው ሰነፈ» ይላል። አድራሻውን የሚያውቅ ኃላፊ ግን ከአንድ ሰፈር የሚመጡ አሥር ተማሪዎችን አገናኝቶ በአቅራቢያቸው የጥናት ቡድን ያቋቁምላቸዋል፤ ቱቶሩም ለእነሱ በስልክ ይገባላቸዋል።

ስለ እናቶች አንድ ነገር ልጨምር። ቱቶሪያል ቅዳሜ ጠዋት ብቻ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ቅዳሜ ጠዋት ገበያ፣ ልብስ አጠባ፣ የልጅ ምርመራ፣ ለቅሶ፣ ማኅበር ሁሉ የሚገኝበት ሰዓት ነው። የተቀረጸ ድምፅና የእሑድ ከሰዓት አማራጭ መክፈት ለማዕከሉ ትንሽ ድካም ነው፤ ለእሷ ግን ዲግሪ ማግኘት ነው።

ጥሩ ቱቶር እንዴት ይገኛል?

ከሚያውቀው ይልቅ የሚመልሰውን ይፈልጉ። ጥሩ የክፍል መምህር ሁሉ ጥሩ የርቀት ቱቶር አይሆንም፤ የጽሑፍ ጥያቄ አንብቦ ተማሪው የት ላይ እንደ ተደናገረ የመረዳት ትዕግሥት ይጠይቃል። አሳይመንት ላይ «7/10» ብቻ ጽፎ የሚመልስ ቱቶር አላስተማረም። ሦስት መስመር አስተያየት የግድ ይሁን፤ ክፍያውም በታረመው ወረቀት ብዛት ብቻ ሳይሆን አስተያየቱ መኖሩ ታይቶ ይፈጸም። በሰዓቱም ይከፈለው። ክፍያው ሁለት ሴሚስተር የቆየበት ቱቶር ለተማሪ መልስ ቢያዘገይ ለመገሠጽ አፍ አይኖረንም።

ተማሪው በቻትጂፒቲ አሠርቶ ቢያመጣስ?

ያመጣል። መከልከል ብቻውን የትም አያደርስም፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጻፈውን በእርግጠኝነት የሚለይ ሶፍትዌርም የለም። በሶፍትዌር ጥርጣሬ ብቻ ተማሪ መቅጣት በደል ነው።

ይልቅ ጥያቄውን ይቀይሩ። «የግብይት ጽንሰ ሐሳብን አብራራ» የሚል አሳይመንት ከቻትጂፒቲ በፊትም ከፎቶ ኮፒ ቤት ይገዛ ነበር። «የምትሠራበትን ቦታ ወይም ሰፈርህ ያለ አንድ ሱቅ ወስደህ ዋጋ እንዴት እንደሚተመን ጠይቀህ ጻፍ» ቢሉት መርካቶ ወይም ሾላ መሄድ አለበት። ቀጥሎ በስልክ የአምስት ደቂቃ ጥያቄ፦ ባለሱቁ ምን አለህ? ለምን ይህን መረጥህ? የሠራ ሰው ሳያስብ ይመልሳል። አምስት ደቂቃ ለአርባ ተማሪ ከሦስት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ ቱቶሩ የሚከፈልበት ሥራ ተደርጎ ከታሰበ ይቻላል።

ተማሪው መሣሪያውን ለማስረጃ ሳይሆን ለማብራሪያ እንዲጠቀምበት ማስተማርም ተገቢ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሞጁል ያስቸገረው ሰው አንዱን አንቀጽ በአማርኛ አስረዳኝ ማለቱ ጥሩ ነገር ነው። መልሱን ከሞጁሉ ጋር እንዲያመሳክር ይነገረው፤ እነዚህ መሣሪያዎች በአማርኛ ሲጽፉ ይሳሳታሉ፣ የሌለ መጽሐፍም ይጠቅሳሉ።

ተቋሙ ፈቃድ እንዳለው እንዴት አውቃለሁ?

ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። «እውቅና አለን» የሚል ትልቅ ሰሌዳ አይበቃም። እውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ ስም በጅምላ ሳይሆን በፕሮግራም፣ በካምፓስና በማስተማሪያ ዘዴ ነው። አንድ ኮሌጅ አካውንቲንግን በመደበኛ እንዲያስተምር ተፈቅዶለት በርቀት ላይፈቀድለት ይችላል። ስለዚህ ብር ከመክፈልዎ በፊት ፕሮግራሙን፣ ቦታውንና «በርቀት» የሚለውን ለይተው ባለሥልጣኑን ይጠይቁ፤ የፈቃዱንም ዘመን ይመልከቱ።

ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ መንግሥት በጥራት ምክንያት የርቀት ትምህርትን አግዶ፣ በኋላ በቅድመ ሁኔታ ፈቅዷል። በዚያን ጊዜ የተጉላሉት ተማሪዎች ናቸው።

የርቀት ተማሪ የመውጫ ፈተና ይወስዳል?

ለመጀመሪያ ዲግሪ አዎ። ፈተናው በሁሉም ፕሮግራሞች የተጀመረው ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ነው፤ በኮምፒውተር ይሰጣል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62.37 በመቶው ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር መደበኛውንም የሚጨምር ቢሆንም የርቀት ማዕከል የሚመራ ሰው እያነበበ እንቅልፍ ሊወስደው አይገባም።

ለዓመታት ሞጁል አድሎ፣ አሳይመንት ሰብስቦ፣ ግሬድ ሰጥቶ ማስመረቅ ይቻል ነበር። አሁን ተማሪው ከውጭ ይፈተናል። ዝግጅቱ በመጨረሻው ሴሚስተር የሚሰጥ የሁለት ሳምንት ማጠናከሪያ ከሆነ ዘግይቷል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየኮርሱ መጨረሻ አጭር የምርጫ ፈተና በኮምፒውተር ወይም በስልክ ይሰጥ። ጥቅሙ ሁለት ነው፤ ተማሪው ድክመቱን ያያል፣ ማውዝ ይዞ በሰዓት መፈተንንም ይለማመዳል። ከኮምፒውተር ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀመጠው በመውጫ ፈተናው ቀን የሆነ ጎልማሳ አለ፤ ያንን ሰው እዚያ ድረስ ሳያዘጋጁ መስደድ ጭካኔ ነው።

ኮምፒውተርም ጸጥ ያለ ቤትም የለኝም፤ መሐል ከተማ የት ላጥና?

አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ለብዙ የርቀት ተማሪ መጠጊያ ሆኗል። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርም አለ። መታወቂያ ይያዙ። የሥራ ቦታዎ ኃላፊ ከተባበሩ ከሥራ ሰዓት በኋላ ቢሮ መቆየትም ብዙዎችን ጠቅሟል፤ ማዕከሉ «ይህ ሠራተኛ ተማሪያችን ነው» የሚል ደብዳቤ ቢጽፍልዎ ይቀልላል። ደብዳቤውን ይጠይቁ።

አስተባባሪ ሆኜ ተመድቤያለሁ፤ ከየት ልጀምር?

አዲስ ሶፍትዌር አይግዙ፤ አዲስ ግሩፕም አይክፈቱ። መጀመሪያ የተማሪዎቹን ዝርዝር ከሬጅስትራር ይውሰዱና ስልክ ቁጥሮቹ የሚሠሩ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ብዙው ተቀይሯል። ቀጥሎ ባለፈው ሴሚስተር ተመዝግበው ዘንድሮ ያልተመለሱትን ለይተው የቻሉትን ያህል ይደውሉላቸው፤ ለምን እንደ ቀሩ በራሳቸው ቃል ይጻፉ። ከዚያ አንድ አሳይመንት ይምረጡና ከተማሪው እጅ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ታርሞ እስከ ተመለሰለት ቀን ያለውን መንገድ ይከታተሉ፤ በማን ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን እንደ ተኛ ይመዝግቡ።

እነዚህ ሦስት ነገሮች ሲያልቁ የማዕከሉ ችግሮች በአብዛኛው ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ። ቴክኖሎጂ የሚፈታቸው የትኞቹ እንደሆኑ ያን ጊዜ ይለያሉ። ወረቀቱን ለዲኑ ከመላክዎ በፊት ግን ከሬጅስትራሩ ጋር ቁጭ ብለው ይዩት፤ ጥቂት የማይባለው እዚያው በአንድ ቀን የሚያልቅ ነው።